ከዳኛው በፊት የፈረደው ጋዜጣ

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ መላ ያልተጨመረበት ወሬ በአንድ ቤተሰብ ላይ ስላደረሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 4 ቀን 1954 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ፣ ነፍሰ ጡሯ ማሪሊን ሸፐርድ በመኝታ ቤቷ ተደብድባ ተገደለች። ባለቤቷ ዶክተር ሳም ሸፐርድ ከማያውቀው ሰው ጋር ታግሎ፣ ተመትቶ ራሱን እንደ ሳተ ተናገረ። የሰባት ዓመት ልጃቸው በሌላው ክፍል ተኝቶ ነበር።

የከተማው ጋዜጦች ግን ዳኛ አልጠበቁም። «ክሊቭላንድ ፕሬስ» ሰውየው ለምን እንደማይታሰር በፊት ገጹ ጠየቀ፤ በዚያው ዕለት ማታ ተያዘ። በአገሩ ሕግ ጥፋተኛነትን የሚወስኑት ከሕዝብ የሚመረጡ 12 ሰዎች ናቸው። ለምርጫው የተጠሩት ሰዎች ስምና አድራሻ በጋዜጣ ወጣ፤ ስም የለሽ ደብዳቤና ስልክም ይደርሳቸው ጀመር። በችሎቱ ውስጥ ጋዜጠኞች እጅግ ተጠግተው ስለ ተቀመጡ፣ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በምስጢር መነጋገር ተቸገረ። በዲሴምበር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በቀጣዩ ወር እናቱ ራሳቸውን አጠፉ፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱ።

በ1966 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛው ችሎቱን ከጋዜጦች ጫጫታ ስላልጠበቁ ተከሳሹ ትክክለኛ ፍርድ አላገኘም ሲል በ8 ለ1 ድምፅ ወሰነ። በዚያው ዓመት እንደገና ተዳኝቶ በነፃ ተለቀቀ። በ1970 በ46 ዓመቱ ሞተ።

እኛ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ልንፈርድ አልተነሣንም። ያ ሁሉ ጩኸት ግን ለማን ጠቀመ? ተከሳሹ አሥር ዓመት ገደማ ታሰረ። ማሪሊንን ገደለ ተብሎ ሌላ ሰው አልተፈረደበትም። የእርሷም ሐቅ ሜዳ ላይ ቀረ።

ጋዜጣው የተሸጠው ገዢ ስላለው ነው። ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ ሁሉ ወሬ አሠራጭ ሆኗል። እንግዲህ ወላጆች፣ ቡና ላይ የአንድ ተከሳሽ ስም ሲነሣ፣ «ማን አየ? ማንስ መሰከረ?» ብለን እንጠይቅ። ወጣቶችም የደረሳችሁን ሳታጣሩ ለሌላ አታስተላልፉ። የታሰረ ሰው ይፈታል፤ የጠፋ ስም ግን በቀላሉ አይመለስም። አላህ ከሰው ሐቅ ይጠብቀን።