«ይተኛ፣ ይለቀዋል» አንበል

ሠርግና ምርቃት በተደገሰ ቁጥር ልጆቻችን ጠላውን ካረቄ ሲደራርቡ እናያለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ ደጋሽም ለልጅ አይቅዳ።

ሰክሮ የወደቀን ልጅ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብሎ ጓዳ መደበቅ ግን ሊገድለው ይችላል። የጠጣው፣ ተኝቶም ሳለ ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም፤ ትውከቱም ያንቀዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ስካሩን አያወጣለትም። በጎኑ አስተኙት፤ ብቻውን አትተዉት። ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውሉ።

ወላጆችም ቁጣውን ለነገ እናቆየው። ልጅ ዱላ ፈርቶ የጓደኛውን መውደቅ አይደብቅ እንላለን።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት