የተሽመደመደ ውሻ ሲመረመር እግሩን ሳይሆን ፊቱን እንመልከት

በገጠር በግና ጥጃን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ በመኪና ሲገጭ፣ በበሬ ሲረገጥ ወይም ከገደል ሲወድቅ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። የኋላ እግሮቹን ሲጎትት በታየ ጊዜ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰዓት ይሰጣል። አንዱ «አበቃለት» ብሎ ድንጋይ ያነሣል፤ ሌላው ጣቱን ሲቆነጥጠው እግሩን ስለ ሰበሰበ «ይሰማዋል፣ ይድናል» ብሎ ለሳምንታት ያስተኛዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

የእግር መሰብሰብ ብቻውን የስሜት ማስረጃ አይሆንም። እግሩን የሚስበው ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል ሳይሆን ከሕብለ ሰረሰሩ የኋለኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ሕብለ ሰረሰሩ ከዚያ ክፍል ወደ ራስ በኩል ፈጽሞ ቢበጠስ እንኳ እግሩ ሊሰበሰብ ይችላል። ሕመሙ አንጎል መድረሱ የሚታወቀው ውሻው ዞሮ ሲመለከት፣ ሲጮኽ ወይም ለመናከስ ሲሞክር ነው።

ከምርመራው በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። የኋላ እግር መሽመድመድ የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ሊሆን ይችላል። አደጋው ሲደርስ ያየ ሰው ከሌለ፣ የውሻው ጠባይ ወይም ድምፅ ከተለወጠ፣ ለሃጩም ከተዝረከረከ ማንም ሳይነካው ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል፤

1. ውሻውን ለመቆም ሳያስገድዱ፣ ጀርባውን ሳያጥፉ፣ አንሸራቶ በሳንቃ ላይ ማስተኛት። የሚያስታውክ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ካልሆነ አፉን በጨርቅ ማሰር።

2. ከወገቡ ጀምሮ ወደ ትከሻው የጀርባውን ቆዳ በግራና በቀኝ መቆንጠጥ። ቆዳው መርገብገብ የሚጀምርበት ቦታ ጉዳቱ ከዚያ ጥቂት ወደ ፊት መሆኑን ያመለክታል።

3. በኋላ እግር ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ መቆንጠጥ። ውሻው በፊቱ ወይም በድምፁ ምላሽ ከሰጠ እዚያው ማቆም።

4. ምላሽ ከሌለ የጣቱን አጥንት በጉጠት ቀስ በቀስ መጫን፤ ይህንኑ በሌላው እግርና በጭራው ላይ መድገም። አንድ ረዳት የውሻውን ፊት ብቻ ይመልከት።

የመጨረሻው ሙከራ ከሁሉም ይበልጣል። የጠለቀውን ሕመም የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች ቀጭንና የተበታተኑ በመሆናቸው በመጨረሻ የሚጠፋው ይህ ስሜት ነው። እርሱ ካለ ውሻው እግሩን ማንቀሳቀስ ባይችልም ተስፋ አለው። ከጠፋ ግን ምክንያቱ መታወቅ አለበት። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከቦታው ከተናጋ እንደገና መሄድ የሚችለው ጥቂቱ ነው፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ከሆነ ግን ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ውሾች ግማሽ ያህሉ ይሄዳሉ። ደም የፈሰሰው ወይም የደነገጠ ውሻ ምላሽ ላይሰጥ ስለሚችል ምርመራው በማግስቱ መደገም ይገባዋል።

«ለውሻ ይህን ያህል መድከም ለምን? መቆንጠጡስ ማሰቃየት አይደለምን?» የሚሉ አይጠፉም። መቆንጠጡ የጥቂት ሴኮንድ ሕመም ነው። የማይድን ውሻ ግን ሽንቱ ታግዶበት፣ ጎኑ በመተኛት ቆስሎ ለሳምንታት ይሠቃያል፤ ሊድን የሚችለውም በችኮላ ሲገደል ባለቤቱ ጠባቂውን ያጣል።

ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ ሳንቃ፣ አንድ ጉጠትና አንድ መዝገብ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተቆነጠጠውን እግርና የውሻውን ፊት ምላሽ ለይቶ ይጻፍ። «እግሩን ሰበሰበ» እና «ዞሮ ተመለከተ» በተለያየ መስመር ይመዝገቡ። የመጨረሻውን ውሳኔ የእንስሳት ሐኪም ይስጥ፤ ሞት ከተወሰነም በድንጋይ ወይም በመርዝ ሳይሆን በሐኪም መርፌ ይሁን።