«በፊት» የሚሉት ፎቶ የማን ቤት ነው?

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ፒያሳ የሠራውን ዝግጅት አየሁ። ድሮኑ ከጊዮርጊስ ተነስቶ በማዘጋጃ ቤት በኩል የዓድዋ ድል መታሰቢያን አልፎ ወደ አራት ኪሎ ይወርዳል። ከስር ሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶው፣ አዲስ ቀለም የተቀባው ሕንፃ ይታያል። ከዚያ ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለና በአንደኛው በኩል «በፊት»፣ በሌላው በኩል «አሁን» ተብሎ ተጻፈ። «በፊት» በሚለው በኩል የዛገ ቆርቆሮ፣ ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ፣ በቤቶች መሐል የሚሄድ ፍሳሽ አለ። አቅራቢው ይህ ለሰው ልጅ የማይመጥን ኑሮ እንደነበር ተናገረ፤ የሰፈሩ ሰዎች ከዚያ በመውጣታቸው ዕድለኞች ናቸው ብሎም ዝግጅቱን ዘጋ።

ስለ ኮሪደር ልማቱ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። መንገዱ መስፋቱን፣ ሰው ተረጋግቶ በእግሩ መሄድ መጀመሩን አልክድም። እኔ የያዝኩት ያቺን «በፊት» የምትባል ፎቶ ነው። ዛሬ ስለ አዲስ አበባ የሚሠራ ዝግጅት ሁሉ ያለ እሷ አይሞላም፤ በየስልካችን የሚዞረውም እሷው ናት። ግን በፎቶዋ ላይ ያለው ቤት የማን እንደሆነ የጠየቀ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም።

ቤቱ የመንግሥት ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ያለው አብዛኛው ጎጆ በዚያን ጊዜ በቀበሌ እጅ ገባ። ሰው ከዚያ በኋላ የኖረው በቀበሌ የኪራይ ደብተር ነው። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ እውነት ነው። ትንሽነቱ ግን አከራዩን አከራይ ከመሆን አያወጣውም። ወደ ሃምሳ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ያ አከራይ ግድግዳ ለሰነ? የሽንት ቤት ጉድጓድ አስመጠጠ? ፍሳሽ የሚወርድበት ቦይ ቆፈረ? በአንዳንድ ግቢ ለአሥርና ለአሥራ አምስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቦኖ ሆኖ የቀረው ነዋሪው መጸዳዳት ጠልቶ ነው?

ጉዳዩ ሳያድስ መቅረቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ላድስ ያለውንም ይከለክል ነበር። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ክረምት በገባ ቁጥር አልጋቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲጎትቱ ይከርማሉ፤ ከኮርኒሱ ማዳበሪያ ስር ሳፋና ድስት ይደረደራል። ልጃቸው ከአረብ አገር ገንዘብ ላከችላቸውና ቆርቆሮ ሊቀይሩ ተነሱ። ፈቃድ ሲጠይቁ ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ለሚነሳ ቤት ዕድሳት አይፈቀድም ተባሉ። ያለ ፈቃድ ቢሠሩ ደንብ አስከባሪ መጥቶ እንደሚያፈርስባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ሰማያዊ ሸራ ገዝተው ጣሪያው ላይ አለበሱ፤ ነፋስ እንዳይወስደው በድንጋይና በአሮጌ ጎማ አስረገጡት። «ይነሳል» የተባለው ቤት ሳይነሳ ብዙ ክረምት አለፈ።

ያ ሸራና ያ ጎማ ነው ዛሬ «በፊት» እየተባለ የሚታየን። ካሜራው ከላይ ሲያልፍ ሸራው የድህነት ምልክት ይመስላል። ሸራው የተከለከለ ዕድሳት ነው። ልጅቱ የላከችው የቆርቆሮ ገንዘብ በእናትየው እጅ ነበር። ቤቱን ለዚህ ያበቃው አከራይ ማን እንደሆነ ሳይነገር ተከራይዋ በቤቷ እርጅና አደባባይ ላይ ታፍራለች፤ ከቤቷ መውጣቷም ውለታ ተደርጎ ይቆጠርባታል። አቅራቢው ዕድለኛ ያላት እሷን ነው!

ሰፈሩስ ምን ነበር? አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ የምንለው፣ ከተማዋ በመጀመሪያ ገበያ ያቆመችበት ቦታ ነው። ጣሊያን በ1928 ገብቶ ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውረው ሱቁና መዝናኛው እዚሁ ቀረ። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያ ሰፈር ነው፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ጣይቱ ሆቴል፣ የወርቅ ቤቶቹ፣ የሙዚቃ ቤቶቹ፣ ሲኒማዎቹ ሁሉ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ድሃ ፒያሳ መሐል የኖረው ገበያው፣ ደንበኛውና ሥራው እዚያው ስለሆነ ነው። እማማ እንጀራ ጋግረው ለሁለት ምግብ ቤቶች ያቀርቡ ነበር፤ እንጀራው ሳይቀዘቅዝ በእግር ይደርሳል። ከጎናቸው ያለው ልብስ ሰፊ ደንበኛው የሱቅ ሠራተኛው ነው። ከበር ላይ ጉሊት የዘረጋችዋ የምትሸጠው ከሥራ ለሚመለሰው ነው። ይኼ ሁሉ ቆርቆሮው ላይ አይታይምና ለድሮን አይመችም።

ከየካቲት 2016 በኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ ለቀበሌ ተከራዩ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የመንግሥት ኪራይ ቤት ቀረበለት። ከተማዋ ዳር፣ በሻሌና አራብሳ የደረሰው ብዙ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ዝናብ አያስገባም። ይህን ማንም አይነቅፍም። ግን የእማማን እንጀራ ከአራብሳ ፒያሳ የሚያደርሰው ማን ነው? በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ሌማት ተሸክሞ ተመላልሶ የሚተርፈው ትርፍ ስንት ነው? ልብስ ሰፊው መኪናውን ይዞ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ማንን ይጠብቃል? በደብተሩ ላይ ስማቸው ያልሰፈረው፣ ከቀበሌ ተከራዩ አንዲት ክፍል ተከራይተው የኖሩት ደግሞ ከዚህም ውጪ ናቸው። «አሁን» በሚለው ፎቶ ላይ አንዳቸውም የሉም። ሦስተኛ ፎቶ ቢኖር ኖሮ እዚያ ነበር የምናገኛቸው። ያንን ሦስተኛ ፎቶ ያነሳ ጣቢያ የታለ?

ስለ ዕድርም ልናገር፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እሱ ነው። የአንድ ግቢ ዕድር ሲበተን አይቻለሁ። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ባለ ክዳኑ ትልልቅ ድስት፣ ብረት ምጣዱ፣ የሻይ ጀበናው መሬት ላይ ተዘረዘረ። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ማን እስከ ስንት ወር እንደከፈለ ያነባል። ድንኳኑ አይከፈልም፤ ተሽጦ ብሩ ይካፈል ወይስ ብዙ ሰው ለደረሰበት ቦታ ይሰጥ በሚለው ሽማግሌዎቹ ተጨቃጨቁ። አንዱ አባወራ ስለ ድንኳኑ ምንም አልተናገረም፤ እናቱ ታማለችና እዚያ ብትሞት የሚያነሳት ማን እንደሆነ ነበር የሚጠይቀው። መልስ የሰጠው አልነበረም።

ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። በ2011 የወጣው የቦታ ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ከልማት ተነሺው ቤት ሌላ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን በስሙ ጠርቶ ካሳ የሚገባው ጉዳት ነው ብሏል። እንግዲህ የአገሪቱ ሕግ ጉዳት ያለውን ነገር የቴሌቪዥን አቅራቢ ዕድል ሲለው ዝም የሚባለው ለምንድን ነው? መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የቦታው ዋጋ ለተነሺው አይታሰብም፤ ለባለይዞታ የሚታሰበው የቤቱ ወጪ ነው፤ የቀበሌ ተከራይ ደግሞ ግድግዳውም የእሱ አይደለም። ከተማው መሐል ያለ ቦታ በሊዝ ሲወጣ የሚያወጣውን ዋጋ ጨረታ የተከታተለ ያውቀዋል። በዚያ ቦታ ላይ ሃምሳ ዓመት ኖሮ ገበያ ያቆመው፣ ሰፈር ያደረገው ሰው ከዚያ ዋጋ ምንም ድርሻ የለውም። «ቆሻሻ ነበር» የሚለው ወሬ ደግሞ ድርሻ አለኝ ብሎ እንዳይጠይቅ አፉን ያስይዘዋል። ፎቶዋ የምታገለግለው ለዚህ ነው።

ጣቢያዎቹ ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም። ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ የሚመጣው ማስታወቂያ የሪል እስቴት ነው፤ አፓርታማው ከአዲሱ ኮሪደር ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይነግረናል። ዝግጅቱና ማስታወቂያው አንድ ዓይነት ሙዚቃ፣ አንድ ዓይነት የድሮን ምስል አላቸው፤ የቱ ላይ ዜናው አልቆ የቱ ላይ ሽያጩ እንደሚጀምር መለየት ያቅታል። ከጋዜጠኛ የሚጠበቀው ይህን መለየት ነበር። ይልቁንም የሰው ቤት ጣሪያ ላይ አንዣቦ፣ ነዋሪዋን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ በሀገር ፊት አዋረዳት።

ባለበት ይታደስ፣ ባለበት ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲነሳ አይሆንም፣ ውድ ነው ይባላል። ተሞክሮ አይደለም ውድ የተባለው። ለተከራዩ ፈቃድ ብቻ ቢሰጠው በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ የሚቀይር፣ ግድግዳ የሚለስን ስንት ሰው ነበር! እማማ አንዷ ነበሩ። ከዚያ ይልቅ ማፍረስ ቀድሞ መሥራት ሲዘገይ አይተናል፤ አራት ኪሎ ባሻ ወልዴ ችሎት ሕዝቡ ከተነሳ በኋላ ቦታው ለዓመታት ታጥሮ ሣር በቅሎበት ነበር። ያን ጊዜም ስለ መፍረሱ የተነገረን ይኸው ነበር፦ ሰፈሩ አርጅቷል፣ ለሰው አይመጥንም።

ከፒያሳ ቀጥሎ በ2017 መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ተነሳ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ ስለ ካዛንቺስም ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ሌሎች ሰፈሮችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። እዚያ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ጋዜጠኛ ድሮኑን ከማስነሳቱ በፊት ወደ አንዱ ቤት ይግባና የኪራይ ደብተሩን አሳዩኝ ይበል። ደብተሩ ላይ የአከራዩ ስም አለ። ቤቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ማይኩን ለእሱ ይያዝለት።