ከማቆያ ኬሚካል ነፃ የሆነ የግላኮማ ጠብታ ይቅረብ

ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ እየጎዳ ብርሃን ይነጥቃል፤ የጠፋው እይታም አይመለስም። የዓይን ግፊትን የሚቀንሰውን ጠብታ ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይጠቀማል። ስለዚህ ከዋናው መድኃኒት ጋር ዓይን ውስጥ የሚገባው ሁሉ ሊጤን ይገባል።

በጠብታዎች ውስጥ በብዛት የሚጨመረው ማቆያ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ በጀርም እንዳይበከል ይከላከላል። ጀርምን የሚገድለው እንደ ሳሙና የሕዋሱን ሽፋን አፍርሶ ነው፤ የዓይንን ሕዋስ ግን ለይቶ አይምርም። የእንባን የቅባት ንብርብር ይበትናል፤ ዓይንን የሚያለሰልስ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያመናምናል፤ የኮርኒያንም የላይኛ ሽፋን ይጎዳል። በቤተ ሙከራ ደግሞ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን ማጣሪያ ሕዋሳት ሲጎዳ ታይቷል። ኬሚካሉ የሚያስከትለው ለዓመታት የቆየ ብግነትም በኋላ የሚደረግን የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ውጤት ሊያሳንስ ይችላል።

የኬሚካሉ መጠን ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል፤ በስፋት በሚታዘዘው ላታኖፕሮስት ውስጥ እስከ 0.02 በመቶ ይደርሳል። ሁለትና ሦስት ዓይነት ጠብታ የታዘዘለት ሰው ኬሚካሉን በየቀኑ ደጋግሞ ይወስዳል። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚያቃጥለው ጠብታው ነው። የማያመውን በሽታ ለመከላከል የሚያቃጥል መድኃኒት መታገሥ የከበደው ሰው ጠብታውን ይተዋል፤ ዓይኑንም ያጣል።

ይህ ማለት ግን ሕሙማን በፍርሃት ጠብታቸውን ያቁሙ ማለት አይደለም። ብዙዎች ያለ ችግር ይጠቀሙበታል፤ ማቆያ የሌለውም ዋጋው ይወደዳል። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ማቆያን በጅምላ አላወገዘም፤ ኬሚካሉ ለማይስማማቸውና ሕክምናቸው ረጅም ለሆነ ሕሙማን ግን ከማቆያ ነፃ የሆነው ጠብታ እንደሚመረጥ ገልጿል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ትናንሽ ብልቃጦችና ጀርም የማያስገባ ቫልቭ ያላቸው ጠርሙሶችም ተሠርተዋል።

የእኛም አቋም ከኤጀንሲው ጋር አንድ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቢያንስ አንድ ከማቆያ ነፃ የሆነ የግላኮማ ጠብታ በግዥ ዕቅዱ ያካትት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማቆያው ዓይነትና መጠን በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ለሕመምተኛው እንዲገለጽ ያድርግ። ሐኪሞችም በየቀጠሮው ከግፊቱ ልኬት ጋር የዓይኑን ድርቀትና መቅላት ይመርምሩ፤ ሲቻል ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ጠርሙስ የያዘውን ጠብታ ይዘዙ። ለዕድሜ ልክ የሚታዘዝ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚቻል መሆን አለበት።