ርስት ወይስ ቅርስ?

የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጤፉ ላይ ነው። ጤፉን ያበቀለውን መሬት ግን ቅርስ አንለውም፤ ዛሬ «ቅርስ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቤተ ክርስቲያኑን፣ ብራናውን፣ ቢበዛ የአባይን ድልድይ ነው። ቃሉ ግን በድሮው አነጋገር ጥሪት ማለት ነበር፤ ተቆጥቦ የተቀመጠ ሀብት። የጎጃም ገበሬ ከወላጆቹ የተረከበውን መሬት የሚጠራው ከግእዙ «ወረሰ» በወጣው ቃል ነው፤ ርስት ይለዋል።

ርስትን የሚያሞግሱ ሰዎች ትልቅ እውነት ይዘዋል። መሬት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ድርሻ ነበራት። ዘሩን ቆጥሮ አቅኚው አባት ዘንድ የደረሰ ሁሉ «ይገባኛል» ይላል። የደቡቡ ጭሰኛ ያየው መከራ እዚህ በዚያ ልክ ያልታየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በ1960 ዓ.ም. ሞጣና ቢቸና በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፁ፣ ከብሩ ይልቅ ያስፈራቸው መሬቱ ተለክቶ ርስታቸው መነጠቁ ነበር። ንጉሡ ጦር ላኩ። በኋላ ግን አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሱ፤ ውዝፉንም ግብር ማሩ።

ነገር ግን አጥንት ቆጠራው በር ከፋች ብቻ ሳይሆን በር ዘጊም ነበር። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ብዙው ሙስሊም እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርጅቶ ርስት አልነበረውም። ባለርስቶቹም ቢሆኑ ከዘመድ ጋር ሲሟገቱ ዕድሜያቸው ያልቅ ነበር። ለእኔ ከሙግቱ ይልቅ የሚከብደኝ የሸማኔው ነገር ነው።

ስለዚህ የ1967ቱን አዋጅ፣ መሬትን የሕዝብ ያደረገውን፣ በበጎ አየዋለሁ። ሆኖም «የሁሉም» የተባለ ነገር በቀላሉ በሹም እጅ ይወድቃል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በቀደሙት ሥርዓቶች ሹም ነበርክ ተብሎ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ማሳው ተሸርፎ ለሌላ ተሰጥቷል። ባለርስት ቢሆን በዳኛ ፊት ዘሩን ቆጥሮ ይሟገት ነበር፤ ያኔ ግን የሚቆጥረው አልነበረውም። በሌላ በኩል በዚያው ድልድል መሬት አልባ የነበሩ ሴቶች በስማቸው መሬት አግኝተዋል።

በ1990ዎቹ የመጣው የይዞታ ደብተር የርስትን ዋስትናና የመሬትን የሕዝብነት ለማስታረቅ ይሞክራል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል፤ መሬቱ አይሸጥም፣ ለልጅ ግን ይወረሳል። ከድልድሉ በኋላ የተወለደ የደጀን ወጣት ግን የወላጆቹን እስኪወርስ ድረስ ወይ ይከራያል፣ ወይ የእኩል ያርሳል።