ክሮን የእኛን ሰዓት አያውቅም

«ባካፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይነሳ» ተብለን ክሮን ላይ 8 ብለን ጻፍን። ክሮን ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ስራው የተነሳው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ሲስተሙ ላይ ሲረባረብ ነበር። መጻፍ የነበረብን 2 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከሀዋሳ 3 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር 23 ይሆናል፤ ቀኑም ይለወጣል። የጁምዓ ሌሊት ሐሙስ ማታ እንደሚገባ ለምናውቅ ይህ ሊከብደን አይገባም፦ የቀን ቁጥሩ 5 መሆኑ ቀርቶ 4 ነው።

ስለዚህ ወንድምና እህቶች፣ መጀመሪያ «ዴት» ብለን ሰርቨሩን ሰዓቱን እንጠይቀው። ከዚያ ከትእዛዙ በላይ፣ ከሃሽ ምልክት ቀጥሎ፣ «በሀበሻ ከሌሊቱ 8» ብለን በአማርኛ እንጻፍበት። ኮመንት በእንግሊዝኛ ካልሆነ ያሳፍራል የሚል አለ። ስንመረቅ ስክሪፕቱን የሚረከበው ግን እዚሁ ግቢ ያለ ታናሻችን ነው።