የዘንድሮ ዘፈን ዘንድሮ አልተወለደም

የእህቴ ልጅ ጊንጪ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ጥገናው ሲቀዘቅዝ ዘፈን ይጭናል። ሚሞሪህን ትሰጠዋለህ፣ የምትፈልገውን ትነግረዋለህ፣ ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ሞልቶ ይጠብቅሃል። ባለፈው ጳጉሜ ሱቁ ተቀምጬ ሳለ የራሱን ስልክ አቀበለኝና «ኤሱማ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለ። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው።

የዓመቱን ምርጥ አሥር ዘፈኖች ዘርዝሯል። ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ በየሥራቸውም ፍርድ ጽፏል። የአንዱ ቅንብር «የበሰለ» ነው፣ የአንዷ ድምፅ «ከፍታው ላይ ይሳሳል»፣ የሌላው ግጥም «ሊታሰብበት ይገባ ነበር»። አሥሩም ከመስከረም ወዲህ የተለቀቁ ናቸው። አሥሩም ክሊፕ አላቸው።

እኔ ተንኮል አያጣኝም። ስልኩን ሳልመልስለት ማጫወቻውን ከፈትኩና «ብዙ የተደመጡ» የሚለውን ነካሁ። አንደኛ የመጣው እናቱ እንጀራ ስትጋግር የምታንጎራጉረው፣ እሱ ሊወለድ ብዙ ዓመት ሲቀረው የተዘፈነ የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን ነው። ሁለተኛውም ድሮ፣ ሦስተኛውም ድሮ። በዝርዝሩ ካሉት አሥር ዘፈኖች እስከ ሃያኛው ድረስ ያገኘሁት ሁለቱን ብቻ ነው።

«እሱማ ሥራ ስሠራ የምከፍተው ነው» አለ አንገቱን እያከከ። ልጁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽት ሥራ ላይ ነው።

ልጁን አልወቅስም። ልማዱን ግን ልተወው ብል አልተወኝም። ጳጉሜ ስትገባ ሬዲዮው «የዓመቱ ምርጥ» ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ይደግመዋል፣ ቲክቶኩ ይቀበለዋል። ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ስፖቲፋይ በፈረንጅ ዓመት ማብቂያ የሚልክላቸውን ባለቀለም ካርድ ይለጥፋሉ። እሱማ ኅዳር ሳይወጣ ነው ዓመቱን የሚዘጋላቸው። በዚያ ሳምንት እዚህ ጊንጪ፣ በመረሬው አፈር ላይ፣ ጤፉ ገና አውድማ አልደረሰም።

የሚገርመኝ ሰው የወደደውን ለመናገር የዳኛ ካባ መልበሱ ነው። የፋና ላምሮት የዘፈን ውድድር ዳኞች ፊት ተወዳዳሪ ቆሟል፤ ቢታረም ለነገ ይጠቅመዋልና ድምፅህ ሳሳ፣ ምትህ ወጣ ይሉታል። የእህቴ ልጅ ፊት ማን ቆሟል? ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን ነው። የሚጠበቅበት አንድ ነገር ነው፦ ዘንድሮ የትኛው ዘፈን እንደያዘው መናገር። እሱን ትቶ የትኛው መያዝ እንደነበረበት ይነግረናል። ለምን የማሕሙድን ዘፈን እንዳልጻፈ ብጠይቀው «የዘንድሮ አይደለማ!» አለኝ፤ ይህን እንኳ አለማወቄ ገርሞት።

የዘንድሮ መሆን ማለት ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ ማብቂያ መለቀቅ ማለት ከሆነ፣ ሕጉን ያወጣው አድማጭ አይደለም። የሻጭ ሕግ ነው። አሳታሚ አምና የሸጠውን ዘንድሮ መልሶ ሊሸጥልህ አይችልም፤ አዲስ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አዲሱን ለይቶ ይጠራል። የጤፍ ነጋዴም የዘንድሮውን ከአምናው ለይቶ ይጠራል። ማዕድ ላይ የቀረበውን እንጀራ ግን የስንት ዓመተ ምሕረት ነህ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም።

ሕጉ በራሱ ሚዛን እንኳ አይቆምም። ለኢሬቻ የሚወጡት ዘፈኖች መስከረም ላይ ይለቀቃሉ፤ ጳጉሜ ላይ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የወደዳቸው ሰው ጠግቧቸዋል። ነሐሴ መጨረሻ ለበዓል የተለቀቀው ነጠላ ዜማ ግን ገና ጆሮ ውስጥ ትኩስ ነው፤ ስለዚህ አንደኛ ይወጣል። የእንቁጣጣሽ ቀን ከሁሉ በላይ የሚዘፈነው «አበባየሆሽ» ደግሞ የተለቀቀበት ቀን ስለሌለው ከናካቴው አይቆጠርም።

ይህ ቀልድ ነው እንበል። ቀልድ ያልሆነው የራሳችን የጊንጪ ታሪክ ነው።

በኅዳር 2008 መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤት ሜዳና የጭሊሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል የዚህች ከተማ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ተቃውሞው ከአምቦ አልፎ በመላው ኦሮሚያ ተዛመተ፤ ተቃዋሚዎቹ ያወገዙት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በጥር ወር ቀረ ተባለ፤ ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የዚያ ዓመት ዘፈን የትኛው ነበር ብለህ ከሆለታ እስከ ጉደር ያለ ሰው ብትጠይቅ ሁለት መልስ አታገኝም፦ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጅራ»። ዘፈኑ የተለቀቀው ግን በ2007 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሲወጣ የ2008ቱ ሰልፍ ገና አልተጀመረም። ላይ ላዩን ካየኸው የመለየት እንጉርጉሮ ነው፤ ከፍቅሩም ከአገሩም የተነጠለ ሰው ለቅሶ። አምስት ወር ያህል ቆይቶ ዓመቱ ራሱ መጥቶ ዘፈኑ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ በዝርዝር አውጪዎቹ ሕግ «ማላን ጅራ» የ2007 ዘፈን ነው። ያውም የዓመቱ ማለቂያ ላይ የወጣ፣ ጳጉሜ ላይ ገና ያልበሰለ። በ2008 ዝርዝር ደግሞ ጊዜው አልፎበታል፤ አይገባም። አንድ ሕዝብ ሁለት ሦስት ዓመት የኖረበትን ዘፈን የሚጥል ወንፊት ምን ሊይዝ ነው የተሠራው? ሃጫሉ ከዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የአምቦ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት እዚያው አምቦ እስር ቤት ያሳለፈ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ብዙ ዘፈኖች ታስሮ ሳለ የጻፈ ሰው ነው። በቀን መቁጠሪያ ቢሄድ ኖሮ እነዚያ ዘፈኖች ገና ሳይወጡ ነበር የሚያረጁት።

ስለ ዩቲዩብ ቪውም እንነጋገር፤ ዝርዝሩ ሲያከራክር የሚጠራው ምስክር እሱ ነውና። «ስንት ሚሊዮን ገባ?» ይላሉ፤ የገባው በዝቶ ከሆነ ክርክሩ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ምሽት ሃጫሉ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተከፈተም። ሰኔ 25 አምቦ ላይ ተቀበረ። በእነዚያ ሳምንታት እዚህ ከየቤቱ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። ከሚሞሪ፣ ከፍላሽ፣ ሰው ከሰው በብሉቱዝ ከተቀባበለው ነበር የሚሰማው። ውጭ ያለው ዘመድ እያለቀሰ በከፈተ ቁጥር ቆጣሪው ዞሯል። እዚህ ግን፣ ሃጫሉ በተወለደበት አገር፣ ቆጣሪው አንድም አላነበበም።

ያ የክፉ ቀን ነው ካልከኝ፣ የደኅናውንም ቀን ተመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወጣው ሚኒባስ ሾፌሩ አንድ ፍላሽ ይሰካል። አሥራ ምናምን ሰው ጊንጪ እስኪወርድ ያንኑ ይሰማል፤ በማግስቱ ሌላ አሥራ ምናምን። ለቆጣሪው ይህ ሁሉ ሰው የለም። የእህቴ ልጅ በቀን የስንት ሰው ሚሞሪ እንደሚሞላ አላውቅም፤ ከእሱ ሱቅ የሚወጣ ዘፈን ሁሉ ግን ዩቲዩብ ያላየው ዘፈን ነው። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ዝርዝሩን ሲጽፍ የሄደው ወደ ዩቲዩብ ነው። ደንበኞቹ ምን እንደሚያስጭኑ ቢጽፍልን ኖሮ አገር ጉድ ባለ፣ እኔም ዛሬ አንድ ነገር በተማርኩ።

ዘፈን ዘግይቶ ሲደርስም አይተናል። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በፈረንጅ 1975 እዚህ ተቀርጾ፣ ቤልጅየም ውስጥ ታትሞ አውሮፓ ጆሮ የገባው በ1986 ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ብቻውን የቀረጸባትን ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቷት በ2013 እንደገና አሳተማት። ሰውዬው በዚያ ጊዜ ዋሽንግተን አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ተመለሰ፣ አዲስ አልበምም ሠራ። ለብዙ የውጭ አድማጭ ያቺ ካሴት የ2013 ዘፈን ናት፤ ያንን ማንም «ተሳስታችኋል» ብሎ ሊያርማቸው አይችልም።

ዘፋኙ አሊ ቢራ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2015 ሲያርፍም እንዲሁ ሆነ። ስሙን ያገኘው በልጅነቱ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን ነው ይባላል። ቢራ በኦሮምኛ ክረምት አልፎ ሰማይ የሚጠራበት ወቅት ነው፤ የመስከረም ዘመን ነው። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ እሱን ሆነ። ከዚያ በፊት ስሙን ብቻ የሚያውቁ የዚህች ከተማ ልጆች ያንን ዓመት በሙሉ «አማሌሌ»ን ይዘው ከረሙ። በቀጣዩ ጳጉሜ የወጡትን ዝርዝሮች አየሁ፤ አሊ የለም። የሞተበት ዓመት እንጂ የዘፈነበት አይደለማ!

የሚቃወመኝ ሰው ጥሩ ነጥብ አለው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ዓመት ባይገደብ አሮጌው አዲሱን ይውጠዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ትሪፕል ጄ የሚባለው ሬዲዮ ይህን ቀምሶታል። በፈረንጅ 1989 አድማጮቹን ከዘመን ሁሉ ምረጡ ብሎ ሲጠይቅ አንድ ዘፈን አንደኛ ወጣ። በ1990 ሲጠይቅ ያው ዘፈን ደገመ። ከ1993 ጀምሮ የዓመቱን ብቻ ምረጡ አለ። እውነትም ለጀማሪ ዘፋኝ ማሕሙድና ጥላሁን ከቆሙበት ረድፍ ቦታ መለመን ጭካኔ ነው። እንደ ለዛ ያለ ሽልማት የዓመት ገደብ ቢያበጅ ልክ ነው፤ ሽልማት ለሠራ ሰው የሚከፈል ነውና መቼ ሠራ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ክርክሬ ከሽልማት ጋር አይደለም። አንድ ሰው «የእኔ» ብሎ የጻፈው ዝርዝር ግን ለማንም የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። አዲስ ዘፋኝ ማስተዋወቅ ከፈለግህ «ዘንድሮ የወጡ፣ ስሟቸው» በል። የወደድኩት ብለህ ያልወደድከውን አትሙላ።

ሌላም የሚሞሉት ነገር አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዝርዝር አየው፤ ዘጠኝ አማርኛ፣ አንድ ኦሮምኛ፤ ያቺ አንዷም ብዙ ጊዜ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ላይ ናት፤ ለሰላምታ ያህል እንደተጠራች እንግዳ በር አጠገብ ትቀመጣለች። የእኛ ሰፈር ልጆች ዝርዝር ደግሞ አሥሩም ኦሮምኛ ነው። ሁለቱም ይዋሻሉ። የምዕራብ ሸዋ ሰርግ ላይ የተገኘ ሰው እውነቱን ያውቃል፦ ረገዳው መሬት ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ የጉራጌው ይገባል፣ እስክስታው ይከተላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ የቀሩት ሽማግሌዎች ጥላሁን ካልተከፈተ ወደ ቤት አንሄድም ይላሉ። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ከእኛ በስተደቡብ ወሊሶ ያደገ፣ በሁለቱም ቋንቋ የዘፈነ ሰው ነው። ሰርጉ ላይ በሁሉም የጨፈረው ወጣት ቤቱ ገብቶ ዝርዝር ሲጽፍ ወገን ይመርጣል። እግሩ ያመነውን እጁ ይክዳል።

ይህንን ሁሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ ለእህቴ ልጅ ተናገርኩ፤ እንዲህ ተደርድሮ ባይሆንም። አንዲት ሴትዮ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ እየጠበቀች ነበር። ልጁ ካቻቢቴውን አስቀምጦ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋና «የእርስዎን ስልክ ይስጡኝ» አለ።

ሰጠሁት። ምን እንደሚፈልግ ገባኝ፤ ግን መከልከልም አልቻልኩም። ማጫወቻዬን ከፍቶ ወደ ታች እየሳበ አየ። ሃጫሉ፣ ማሕሙድ፣ አሊ፣ ጥላሁን፣ እንደገና ሃጫሉ። መጨረሻው ድረስ ሄደ።

«ኤሱማ፣» አለ፣ «እርስዎ ዘንድሮ ከተለቀቀው አንድም አልሰሙም።»

እውነቱን ነው። አንድ ሙሉ አዲስ አልበም ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፤ ዘንድሮ ደከመኝ፣ አምና ሥራ በዛብኝ እያልኩ። ሴትዮዋ ሳቀች። ልጁ ሚሞሪዬን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካና፣ ምን ልጫን ብሎ ሳይጠይቀኝ፣ የዝርዝሩን አሥር ዘፈኖች ይገለብጥ ጀመር።